የቁም ለቅሶ

ድንኳኑ የተተከለው ረቡዕ፣ ሰኔ አሥራ ስድስት ቀን ሁለት ሺህ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ትርንጎ መላኩ ግቢዋ ውስጥ ልብስ እያሰጣች ነበር። የዕድሩ ጋሪ፣ ያ ነጂ የሌለው ረጅም ጋሪ፣ በሯ ላይ ቆሞ ምሰሶ ሲያወርድ ስታይ መጀመሪያ የመሰላት የአድራሻ ስሕተት ነው። አዳማ ምሥራቅ ሰፈር ቤቱ ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ ሰው እንኳ ይሳሳታል።

«ማን ሞተ?» አለችው ጋሪውን።

«የዚህ ቤት ሰው» አለ ጋሪው። ድምፁ ትሑት ነው። ዕድሩ በስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ የመረጠለት ነው።

«አባቴ ካረፉ እኮ አሥራ ሁለት ቀናቸው። ያን ጊዜ ተክለህ፣ ነቅለህ ሄደሃል።»

«የአቶ መላኩ ተፈጽሟል። ይህ የቀሪዎቹ ነው።»

«የቀሪዎቹ? ስንት ናቸው ቀሪዎቹ?»

«ሁለት።»

እዚያ ቤት የቀረው ሰው በእርግጥ ሁለት ነው፤ ራሷ ትርንጎና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጇ ሐመልማል። ሐመልማል በዚያች ሰዓት ውስጥ ሆና ጸጉሯን እያበጠረች ታንጎራጉራለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ጋሪውን ሰድቦ ያልፈው ነበር። ትርንጎ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የዕድሩ መዝገብ አንባቢ ሆና የሠራች ሴት ናት። ነገሩ ወዲያው ገባት። ያላወቀ ሰው ቢያንስ ይቆጣል፤ እሷ ለመቆጣት እንኳ ጊዜ አላገኘችም።

ለአዲስ ገቢ አንባቢዎች ሥራውን የምታስተምረው እሷ ነበረች። ትምህርቱ አጭር ነው። ሰው ጠባይ አለው፤ ቤት ቋሚ አለው። ጠባይ ይለዋወጣል፤ የታመመ ይድናል፣ መንገድ የሄደ ይመለሳል፣ ያላገባ ያገባል። ስለዚህ ጠባይ የሚጠየቀው ሰውየው ነው፤ ከስሙ አጠገብ ቀስት ይጻፍና ይጠየቃል። አንዳንዱ ጠባይ፣ እንደ ሕመም ያለው፣ ለቤቱ ሰዎች ብቻ ይነገራል፤ የቤት ጠባይ ይባላል። ቋሚ ግን፣ እንደ ክፍሉ ብዛት ያለው፣ አንዴ ከተጻፈ አይለወጥም፤ የማንም ሰው ሳይሆን የቤቱ ነው። ከቤቱ ስም አጠገብ አራት ነጥብ ይጻፍና ይጠየቃል፤ መልሱንም የቤቱ ሰዎች ሁሉ እኩል ይካፈሉታል። «የሰውየውን ከቤቱ እንዳታምታቱ» ትላቸው ነበር። ይስቁባታል። ማን እንዲህ ያለ ነገር ያምታታል ብለው።

ያምታታችው ራሷ ናት። አባቷ ያረፉ ዕለት ሞታቸውን በደንቡ መሠረት በጠባያቸው ላይ መዘገበች። በማግስቱ ግን ጤና ጣቢያው የራሱን አሮጌ ገጽ ላከና ሽማግሌው እንደገና «በሕይወት አለ» ሆኑ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የቤቱ ድምፅ፣ «አቶ መላኩ፣ መድኃኒትዎን ይውሰዱ» አለ። አስተካከለችው። በአራተኛው ቀን፣ «አቶ መላኩ፣ ዛሬ እግርዎን አላፍታቱም» አለ። አሁንም አስተካከለችው። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ድምፁ፣ «አቶ መላኩ፣ ለምን አይመልሱልኝም?» ሲል ሐመልማል የያዘችውን ብርጭቆ ለቀቀችው፤ ስባሪውን ስታነሣ እጇን ቆረጣት።

ያን ዕለት ትርንጎ እያለቀሰች መዝገቡን ከፈተችና፣ ከየትም የመጣ አሮጌ ገጽ እንዳይሽረው፣ ሞቱን ቋሚ አድርጋ ጻፈችው። ሞት አይለወጥም፤ የማይለወጥ ነገር ቦታው ቋሚ ላይ ነው ብላ። ደግሞም በዕድር ወግ ሐዘን በሰው ስም አይጠራም፤ «እነ እገሌ ቤት ሐዘን ደረሰ» ነው የሚባለው። ልማዱ እጇን ይዞ መራት። የቤቱ ድምፅ ዝም አለ። እናትና ልጅ በዘጠኝ ቀናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እፎይ ብለው ተኙ።

መዝገቡ ያን ቋሚ ለቤቱ ሰዎች አዳርሶ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ትርንጎ ለራሷ አይደለም የፈራችው። ሟች ሆኖ መዋል ይቻላል፤ ችግሩ የሐመልማል ልብ ነው። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ከግራ ጡቷ በታች የተቀበረ፣ ልቧን የሚያስመታ ጠባቂ አላት፤ የምስር ክክ የምታህል ነገር። ጠባቂው ማታ ማታ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባለቤቱ በሕይወት መኖሩን መዝገቡን ይጠይቃል። አለች ከተባለ እስከ ነገ ማታ ይሠራል። የለችም ከተባለ ያቆማል። ሕጉ የወጣው ሣጥን ውስጥ ልብ ሲመታ የሰሙ ቀባሪዎች አካፋቸውን ጥለው ከሸሹ በኋላ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ደግ ሕግ ነው ብሎ ተቀበለው። ትርንጎም ደግ ሕግ ነው ብላለች።

እንግዲህ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስምንት ሰዓት ቀርቷታል።

መጀመሪያ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሮጠች። በሩ ሰው ሲቀርበው የሚከፈት ነው። ቀረበችው፤ አልተከፈተም። ወደ ኋላ ሄዳ እንደገና ቀረበችው፤ ያው ነው። ስድስት ዓመት ምሳ አብራት የበላች ባልደረባዋ ከውስጥ በመስታወቱ አየቻት። ከግድግዳው ላይ አንድ ነገር አነበበች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና ፊቷን አዞረች። ትርንጎ መስታወቱን በመዳፏ መታች። «እኔ ነኝ! ኧረ እኔ ነኝ!» አለች። ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ሥራቸውን ሠሩ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ድንኳኑ ሞልቷል።

ጎረቤቶቿ በሁለት መደዳ ተቀምጠዋል። ለቅሶ ያልደረሰ ቀሪ ይጻፍበታል፤ ቀሪ የበዛበት ሰው ሲሞት ቀባሪ አያገኝም። ስለዚህ መጥተዋል። ሟቿ በእግሯ ስትገባ ግን ምን እንደሚባል ማንም አላወቀም። አንዷ ከወንበሯ ብድግ አለችና፣ «እግዚአብሔር ያጥና…» ብላ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ሌላዋ ጆሮዋ ላይ፣ «ለማን ነው የምትይው? ለራሷ?» ስትላት ትርንጎ ሰማች። ያን ሁሉ ዓመት በደስታም በሐዘንም አብረዋት የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አንድም ዓይን ዓይኗን አላየም።

«እማዬ፣» አለች ሐመልማል ከበሩ ሥር። ፊቷ ነጥቷል፤ ግን እንደ ልማዷ ቀልድ ትሞክራለች። «ሰው በለቅሶው ላይ ማን እንደቀረ ሲያይ ደስ ይላል እንዴ?»

«ዝም በይ! ግቢ፣ ጋደም በይ። እንዳትሮጪ፣ እንዳትደነግጪ።»

«እሺ፣ አልደነግጥም» አለችና ገባች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሰው ከመደዳው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መዝገቡ ሲሠራ ከመሠረቱት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ትርንጎ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ጋሽ ደምሰው፣ አልሞትንም።»

«አውቃለሁ ልጄ። ዓይን አለኝ እኮ።»

«ታዲያ ያንሡልና!»

«ቋሚ ነዋ። ቋሚን ማን ይነካል? አንቺው አይደለሽ እንዴ ለልጆቹ ስታስተምሪ የኖርሽው?»

«እኔ የጻፍኩት ነው። እኔው ልሰርዘው።»

«የጻፍሽውማ አንቺ ነሽ። የሚሰርዝ እጅ ግን አልሠራንለትም። ያኔ ጉቦውን ፈርተን፣ አውቀን ነው ሳንሠራ የተውነው። ጥሩ ያሰብን መስሎን።» ሽማግሌው ከዘራቸውን አሽከረከሩ። «የልጅቷ ጠባይ ምን ይላል? የራሷ?»

«በሕይወት አለች ነው የሚለው። በራሷ ላይ ምንም አልተጻፈም። ሞቱ በቤቱ በኩል ነው የመጣባት።»

«እንግዲያው ከቤቱ ትውጣ።»

ትርንጎ ቀና አለች።

«በስድስት ሰዓት ውስጥ ማን ያገባታል?»

«ጋብቻ ምን አመጣው? የጡት ልጅ አለ አይደል? ያን ደንብ እኔ ነኝ ያስገባሁት፤ ሌሎቹ ሲስቁብኝ። ሦስት ምስክር ሲኖር፣ ተቀባዩ ቤት ቦታ ካለው፣ ተፈጸመ ነው። የሚጠየቀው ተቀባዩ ብቻ ነው። የለቃቂውን ቤት ማንም ዞር ብሎ አያየውም።» ዙሪያውን በአገጫቸው አሳዩ። «ምስክር እንደሆነ ሞልቶሻል።»

ቦታ ግን ሌላ ነገር ነው። የነፍስ ልክም ቋሚ ነው፤ ባለ አንድ ክፍል ሁለት ነፍስ፣ ባለ ሁለት ክፍል አራት። ጋሽ ደምሰው የዕድሩን ቤቶች ከራስጌ እስከ ግርጌ እየጠሩ ጋሪውን አስነበቡት። ሞልቷል። ሞልቷል። ሞልቷል። ስሙ የተጠራ ሁሉ በዕፎይታ ይሁን በኀፍረት እንጃ፣ መሬት መሬት ያያል። ከመቶ አርባ ቤት አንድ ብቻ ቀረ። ባለ አንድ ክፍል፤ ልኩ ሁለት፣ ያለው ነፍስ አንድ። የድንኳኑ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቆርቆሮው አጥር ዞረ።

ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው እትዬ ጌጤነሽ ናት። ለቅሶ ያልመጣችው ብቸኛ ሰውም እሷ ናት።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጌጤነሽ በትርንጎ የሥራ መስኮት ላይ ቆማ ነበር። አንድ ልጇ ወንድይፍራው አግብቶ ወደ ሚስቱ ቤት ከተዛወረ ሁለት ወሩ ነው። «ልጄ ታሟል ይላሉ። የት ነው? እንዴት ነው? ይኸን ብቻ ንገሪኝ» አለች። መልሱ ከትርንጎ ፊት ለፊት በትልቁ ተጽፏል። ትርንጎ አነበበችው። ከዚያ በደንቡ መሠረት፣ «ይህ የቤት ጠባይ ነው። እርስዎ ከቤቱ ውጭ ነዎት» አለቻት። ወንድይፍራው ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ኖሯል። እናቱ መሞቱን የሰማችው ጋሪው በሯ ላይ ሲያልፍ ስሙን ሲጠራ ነው። ትርንጎን ማንም አልወቀሳትም። ሁለቱ ሴቶች ግን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ቆርቆሮ ተጋርተው ሲኖሩ እግዜር ይመስገን ተባብለው አያውቁም።

ትርንጎ የድንኳኑን ገመድ ከያዙት ድንጋዮች አንዱን አነሣች። ማጅራቷ ላይ አደረገችና፣ ጎንበስ ብላ፣ ሰው ሁሉ እያያት ዞራ ሄዳ ጌጤነሽ በር ላይ ቆመች። በሩ ለሟች አይከፈትምና ከውጭ ተጣራች።

«እትዬ ጌጤነሽ! ስለ እግዚአብሔር ይማሩኝ!»

ድንጋዩ አንገቷን ይቆርጣታል። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። ከብዙ በኋላ በሩ ከውስጥ በእጅ ተከፈተና ጌጤነሽ ወጣች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋን እንደ ወትሮው የለበሰች።

«ለቅሶሽ ላይ ስላልመጣሁ ነው?» አለች። «ቀሪ ይጻፉብኝ። ላልሞተ ሰው ለቅሶ አልደርስም።»

«ልጄን ይውሰዱልኝ። የጡት ልጅ ያድርጓት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን…» መጨረስ አቃታት።

ጌጤነሽ አየቻት። «ያን ቀን ምን ነበር ያልሽኝ?»

«‹ይህ የቤት ጠባይ ነው። እርስዎ ከቤቱ ውጭ ነዎት› ነው ያልኩዎ።»

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። አንቺ አልረሳሽም።»

«አንድም ቀን።»

«ሳትረሺም ግን አንድ ቀን መጥተሽ ይማሩኝ አላልሽኝም።»

ትርንጎ ፈርታ ነው፤ ያን ጊዜ እንጀራዋን ፈርታ፣ ከዚያ በኋላ የሴትዮዋን ፊት ፈርታ። ዛሬ ደግሞ ይኸን ሁሉ ፍርሃት የሚያስንቅ ፍርሃት መጣባት። ዕንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ደርሶ ይንጠባጠባል፤ እጆቿ ድንጋዩን ስለያዙ ልትጠርገው አልቻለችም።

«ድንጋዩን አውርጂ» አለች ጌጤነሽ። «ልጅቷን አምጫት።»

ሥርዓቱ የተፈጸመው አጥሩ ሥር፣ በአሥር ሰዓት ተኩል ነው። ለቀስተኞቹ ምስክር ሆነው ቆሙ። ጌጤነሽ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ለሐመልማል አቀረበች። ሐመልማል እናቷን አየች።

«አንቺስ እማዬ?»

«እኔማ ሞቻለሁ። ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ? ጥቢ።»

«እኔ እዚያ ሆኜ አንቺ ብቻሽን…»

«ሐመልማል! ጥቢ ብያለሁ!»

ልጅቷ እያለቀሰች ጠባች። ጋሽ ደምሰው ቃሉን ተናገሩ። ከጋሪው ውስጥ ያ ትሑት ድምፅ፣ «ሐመልማል፣ የጌጤነሽ ቤት። የነፍስ ልክ ሞልቷል» አለ። ሰዎቹ እልል ሊሉ ዳድቷቸው የመጡት ለለቅሶ መሆኑን አስታውሰው ተዉት።

አዲስ ገቢ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እስኪቆጠር ድረስ ከተቀባዩ ጣሪያ ሥር መንቀሳቀስ የለበትም። ሐመልማል ገባች፤ በሩ ተዘጋ። ትርንጎ አጥሩ ሥር ቀረች።

ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ፍርሃት የመጣው። ማንም ያላነሣውን ነገር አስታወሰች፤ አሮጌውን ገጽ። የአባቷን ሞት አንድ ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ወዲያና ወዲህ አላግቶታል። የሐመልማል መዛወርስ? አሁን አንዱ ቢሮ አሮጌ ገጽ ልኮ፣ ልጅቷን ወደ እናቷ ቤት ቢመልሳትስ? አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢመልሳትስ? ይህን ለማን ይነግሩታል? ሰዓቱ አሥራ አንድ ከሃምሳ ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማታ ማታ፣ እራት ከማቅረቧ በፊት፣ ወደ ግድግዳው ዞራ «የሐመልማል ልብ?» ትላለች። ቤቱ ቁጥር ይነግራታል። «ሰባ ሁለት።» «ስድሳ ዘጠኝ።» ከዚያ ወጥ ታወጣለች። ሌላው ሰው የአየሩን ሁኔታ እንደሚጠይቅ ነው። ዛሬም ሳታስበው ወደ ግድግዳዋ ዞረችና ጠየቀች። ግድግዳው «የቤት ጠባይ ነው» እንኳ አላላትም። ሟች አይመለስለትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ።

ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች። ከወዲያ ምንም የለም። አልጮሁም፣ አልተናገሩም። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከኋላዋ ድንኳኑ ውስጥ ጋሪው የማታውን ለቅሶ ሰዓት አወጀ፤ ደንቡ እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ያቋረጠ ቀሪ ይጻፍበታል። ሴቶቹ ቀስ ብለው ጀመሩ። «ትርንጎዬ፣ ወየው ትርንጎዬ…» ስሟን እየጠሩ ነው። በዚያ መሐል ነው የእግር ኮቴ የሰማችው። ወደ አጥሩ ይመጣል። የአንድ ሰው ኮቴ ነው።

«ትርንጎ» አለች ጌጤነሽ ከወዲያ። «አለሽ?»

«አለሁ።»

«ምን ልትጠይቂኝ ነው?»

«ልጄ…» አለች ትርንጎ። «ልጄ እንዴት ናት? ይኸን ብቻ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ጌጤነሽ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፣ ቃል በቃል አለችው።

«ይህ የቤት ጠባይ ነው። አንቺ ከቤቱ ውጭ ነሽ።»

ትርንጎ አልተማጠነችም። በምን አፏ? ቁጢጥ ብላ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ አስደገፈች። ኮቴው ራቀ። በሩ ሲከፈት፣ አንድ ነገር ሲንሾካሾኩ፣ እንደገና ኮቴ ሲመጣ ሰማች፤ አሁን የሁለት ሰው ነበር፤ እሷ ግን ለመቁጠር እንኳ ድፍረት አጣች። የቆርቆሮው ግርጌ፣ ምስማሩ የዛገበት በኩል፣ ተንጋጋና ወደ ላይ ተገለበጠ። በቀዳዳው አንድ እጅ ወጣ። የወጣት ሴት እጅ፣ መዳፉ ወደ ሰማይ የተዘረጋ፣ አውራ ጣቱ አጠገብ የብርጭቆው ስባሪ የቆረጠው ቁስል ያለበት።

«ያዢው» አለች ጌጤነሽ። «አታነብቢም፤ መያዝ ግን አልተከለከለም። ለኔ ያን ጊዜ ይህን ያህል የሚያስነካኝ ቢገኝ ይበቃኝ ነበር።»

ትርንጎ የልጇን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም፤ ጣቷን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ተሰማት። ከቆዳው ሥር፣ ቀጭን፣ ፈጠን ያለ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ከኋላዋ ጎረቤቶቿ ደረታቸውን እየመቱ ስሟን ይጠራሉ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ትቆጥራለች፤ ይጠፋባትና እንደገና ከአንድ ትጀምራለች።

«ነገም በዚህ ሰዓት ነይ» አለች ጌጤነሽ።